የሳንባ ኦፕራሲዮን ያለበትን ሰው ለምታስታምሙ፦ ብሎኩ (ነርቭ ላይ የተወጋው ማደንዘዣ) ሳይለቅ ምን ይሰራ

አባባ የቀኝ ሳንባቸው ታችኛው ክፍል በካንሰር ምክንያት ወጥቶ ወደ አልጋቸው የተመለሱ ቀን ማታ ላይ ቁጭ ብለው ሾርባ ጠየቁ። ወሎ ካለችው ከተማችን ከሀይቅ ስንነሳ ጀምሮ ሰው ሁሉ ሲያስፈራራን የነበረው ህመም የት ገባ ብዬ ገረመኝ፣ ነርሷ ኪኒን ይዛ ስትመጣ "ኧረ አሁን አላመማቸውም እኮ፣ ትንሽ ይተኙበት" ብዬ መለስኳት። ለሊት 9 ሰዓት ላይ ብሎኩ ለቀቀ። አባባ መጮህ የሚያውቁ ሰው አይደሉም፣ ትንፋሻቸውን ግማሽ ላይ እየያዙ "ያ አላህ ያ አላህ" ብቻ፣ መድሀኒት ተሰጥቶ እስኪይዝላቸው ድረስ አንዴም አልሳሉም፣ ጠዋት ላይ አክታው ደረታቸው ውስጥ ሲመላለስ ከአልጋው ራስጌ ቆሜ ይሰማኝ ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ነርሷማ ሰዓቱን ጠብቃ ነው የመጣችው። እኔ ያልገባኝ ነገር ብሎክ ማለት የተቆረጠ ሰዓት መሆኑ ነው። በዛ ሰዓት ውስጥ መሳል አለ፣ መነሳት አለ፣ መራመድ አለ፣ ሰዓቱ ሳያልቅ ደግሞ ኪኒኑ ሆድ ውስጥ ገብቶ መስራት መጀመር አለበት። ዋናው ይሄው ነው፣ ከዚህ በታች ያለው ዝርዝሩ ነው። ሀኪም አይደለሁም፣ አስታማሚ ነኝ፣ እኔ ካልኩትና የእናንተ ሀኪም ካለው የሚጣረስ ነገር ካለ የሱን ስሙ።

እሺ መጀመሪያ ለምን እንደሚያም። ሀኪሙ ሳንባው ጋ የሚደርሰው በጎድን አጥንቶች መሀል ገብቶ ነው፣ በየጎድን አጥንቱ ታችኛ ጠርዝ ስር ደግሞ ነርቭ አለ፣ ሲከፈት ይገፋል ይጨመቃል። በካሜራ በትንንሽ ቀዳዳ ከተሰራ ቀለል ይላል፣ ጎን ተከፍቶ ከተሰራ ከባድ ነው። እጅ ቢሰበር በጄሶ አስሮ ማሳረፍ ይቻላል፣ ደረት ግን ተኝተን እንኳን በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይነሳል ይወርዳል፣ የት ይረፍ? ስለዚህ ሰውየው ሳያውቀው ትንፋሹን ያሳጥራል፣ ሳሉ ሲመጣ አፍኖ ይመልሳል፣ አክታ ይጠራቀማል፣ የሳንባው ታችኛው ክፍል አየር ያጣና ይኮማተራል፣ ከዛ ኒሞኒያ ይመጣል። ቀኝ ሳንባ ሶስት ክፍል ነው ግራው ሁለት፣ ከነዚህ አንዱ ለወጣለት ሰው ኒሞኒያ ቀልድ አይደለም።

ብሎክ ማለት እንግዲህ ነርቮቹ አጠገብ ማደንዘዣ መጨመር ነው፣ ጥርስ ሲነቀል ድድ ላይ የሚወጋው አይነት በሉት። ሰመመኑን አይተካም፣ ሰውየው ሙሉ በሙሉ ተኝቶ ነው የሚሰራው፣ ብሎኩ ከነቃ በኋላ ላለው ሰዓት ነው የሚጠቅመው። አይነቱ ብዙ ነው። ለረጅም ጊዜ ዋናው ኤፒዱራል ነበር፣ ጀርባ ላይ አከርካሪው መሀል ቀጭን ቱቦ ይገባና ሁለቱንም ጎን ያደነዝዛል፣ በደንብ ያስታግሳል ግን ደም ግፊት ሊያወርድ ሽንትም ሊያስቸግር ይችላል። ፓራቨርተብራል የሚሉት ነርቮቹ ከአከርካሪ የሚወጡበት ቦታ ላይ ኦፕራሲዮን በሆነው ጎን ብቻ ነው። ኢሬክተር ስፓይኔ የሚባለው የጀርባ ጡንቻው ስር ነው፣ አዲስ ነው፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ነው መጀመሪያ የተገለፀው፣ ሰራተስ የሚሉት ደግሞ ከብብት ዝቅ ብሎ ጎን ላይ፣ እሱም በ2013 እ.ኤ.አ. የመጣ ነው። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ መርፌው የት እንደደረሰ በአልትራሳውንድ እየታየ ነው የሚሰሩት። አንዳንዴ ደግሞ ቀዶ ሀኪሙ ራሱ ደረቱ ተከፍቶ እያለ ከውስጥ በየጎድን አጥንቱ መሀል ይወጋል። የትኛው ይሻላል ብላችሁ አንስቴቲስቱን (ማደንዘዣ የሚሰጠውን ባለሙያ) አታድርቁት፣ እንደኔ እንደኔ እጁ የለመደውን ቢሰራ ነው የሚሻለው።

እናንተ የምትጠይቁት ሁለት ነገር ነው። አንድ ጊዜ ተወግቶ የሚያልቅ ነው ወይስ ቱቦ ተትቶ መድሀኒት የሚጨመርበት? ስንት ሰዓት ላይ ተወጋ? ቱቦ ከተተወ ሁለት ሶስት ቀን ሊቆይ ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት ቡፒቫኬይን የሚባለው ማደንዘዣ ግማሽ ቀን ገደማ ይይዛል፣ ሲረዝም እስከ አንድ ቀን። የአባባ ጠዋት 3 ሰዓት የተወጋ ነበር፣ ለሊት 9 ላይ ለቀቀ፣ ቆጥሬው ቢሆን ኖሮ ቀድሜ አውቀው ነበር። ሰዓቱን ጠይቃችሁ መዳፋችሁ ላይም ቢሆን በእስክሪብቶ ፃፉት።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለአንስቴቲስቱ ሳይደበቅ የሚነገር ነገር አለ፣ ዋናው ደም የሚያቀጥን መድሀኒት ነው። ዋርፋሪን፣ ክሎፒዶግሬል፣ አስፕሪንም ቢሆን ተናገሩ፣ አከርካሪ አጠገብ መርፌ ሲገባ ደም ከፈሰሰ አደጋ ነው፣ ግን ደግሞ ሳይጠየቅ በራሳችሁ አታቋርጡት። ከዚህ በፊት በማደንዘዣ የታመመ ካለ፣ የልብ የጉበት የኩላሊት ችግር ካለ ይነገር። ጫትም ይነገር! እኛ ጋ ሽማግሌ ፊት "ይቅማሉ" ማለት ነውር ይመስለናል፣ ግን የልብ ምትና ደም ግፊት ስለሚነካ አንስቴቲስቱ ማወቅ አለበት። ሲጋራና ሺሻ ቢያንስ 4 ሳምንት ቀድሞ ይቁም፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ኢራስ የሚባለው፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ ቶሎ ማገገም ላይ የሚሰራው ማህበርና የአውሮፓ ደረት ቀዶ ሀኪሞች ማህበር አብረው ያወጡት መመሪያ ይሄንኑ ነው የሚለው፣ በብሎክ ማስታገስንና ታማሚውን በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ማንቀሳቀስንም እዛው ላይ ይመክራል። ምግብ ብዙ ቦታ 6 ሰዓት ቀድሞ ውሀ 2 ሰዓት ቀድሞ ነው የሚቆመው ግን የሆስፒታላችሁን ትእዛዝ ተከተሉ፣ "ባዶ ሆዳቸውን እንዴት ይግቡ" ብላችሁ ጠዋት አጥሚት እንዳታጠጡ።

ሌላው ሰው የማይነግራችሁ ነገር፣ ሳሉንና ትንፋሹን ቀድማችሁ አለማምዱ። ደረቱ ሳይነካ ያልለመደውን ነገር ተሰፍቶ አይለምደውም።

አሁን ከኦፕራሲዮን ወጥተዋል እንበል። የመጀመሪያው ስራ ህመሙን በትክክል ማወቅ ነው፣ እሱ ደግሞ ወሎ ላይ ቀላል አይደለም። አባባን "ያምዎታል?" ብትሏቸው መልሱ "አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" ነው፣ ጎናቸው ተከፍቶም ያው ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ ነች ዘዴውን ያሳየችኝ፣ "አባባ እስቲ አንዴ ሳል ይበሉልኝ" ትልና ፊታቸውን ታያለች። ተጋድመው ዝም ሲሉ የሚያመውማ ምን ዋጋ አለው፣ ሲስሉ ምን ያህል ያማል ነው ጥያቄው። ከ0 እስከ 10 ስጡት ሲባሉ ግራ ስለገባቸው እኔ "ከአስር ብር የስንት ብር ህመም ነው?" አልኳቸው፣ ሳቁ፣ ከሳቁ በኋላ "የሰባት ብር" አሉ። ሲስቁ አመማቸውና "ስምንት አድርጊው" አሉኝ። ከዛ በኋላ በየሰዓቱ በብር ነበር የምንነጋገረው፣ ነርሶቹም ለመዱት። ሲስሉ ከአራት ብር በላይ ከሆነ ነርስ ጥሩ።

ብሎኩ እየለቀቀ መሆኑን ደግሞ አንስቴቲስቱ እንዲህ ነበር የሚያየው። አልኮል የነካ ጥጥ መጀመሪያ ደህናው ጎናቸው ላይ ያስነካቸዋል፣ "ቀዘቀዘ?" "አዎ"፣ ከዛ የተወጋው ጎን ላይ፣ "ቀዘቀዘ?" "ኧረ ምንም"። ቅዝቃዜው መሰማት ሲጀምር ህመሙም እየመጣ ነው ማለት ነው። በነገራችን ላይ ቦታው ደንዝዞ እያለ የሞቀ ውሀ በጠርሙስ ምናምን ጎናቸው ላይ እንዳታደርጉ፣ ቆዳው ሲቃጠል አይሰማቸውም። በቶሎ ነርስ የሚያስጠራው ደግሞ ጆሮ ጭው ማለት፣ አፍ ውስጥ ብረት ብረት ማለት፣ ከንፈር ዙሪያ መደንዘዝ፣ መቀባዠር፣ መንቀጥቀጥ ነው፣ መድሀኒቱ ደም ውስጥ በዝቶ ሊሆን ይችላል። ኤፒዱራል ከሆነ እግር መክበድ ወይ አልታዘዝ ማለት፣ ሽንት አልመጣ ማለት ወዲያው ይነገር፣ እስኪነጋ አይጠበቅም።

ኪኒኑ በሰዓቱ ነው፣ ቢያምም ባያምም። አብዛኛውን ጊዜ መሰረቱ ፓራሲታሞል ነው፣ ለትልቅ ሰው ባለ 500 ሚሊግራሙን ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም አይለፍ፣ ሰውየው በጣም ከሳ ያለ ወይም ጉበቱ የታመመ ከሆነ ደግሞ ሀኪሙ ይቀንሰዋል። ዘመድ ከቦርሳው የሚያወጣው የጉንፋን ኪኒን ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ ተጠንቀቁ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጥሩ ይሰራሉ ግን ጨጓራና ኩላሊት ያለበት ሰው ሳይጠየቅ አይወስድም። ትራማዶልና ሞርፊን ሌላው ሲያቅት የሚጨመሩ ናቸው፣ ያቅለሸልሻሉ፣ ሆድ ያደርቃሉ፣ ሲበዙ እንቅልፍ ያበዛሉ ትንፋሽም ያዘገያሉ፣ የብሎኩ አንዱ ጥቅም እኮ እነዚህን መቀነሱ ነው። ሲጠሩት በደንብ የማይነቃ ሰው ካያችሁ "ደክሞት ነው ይተኛ" አትበሉ፣ ነርስ ጥሩ። እኔ ስልኬ ላይ አራት አላርም ሞላሁ፣ ክፍል ውስጥ ያሉት ታማሚዎች ሁሉ በኔ አላርም ነበር መድሀኒታቸውን የሚያስታውሱት።

ሳሉ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ለሱ ነው። ጋቢ ያዙ። ጋቢውን አራት እጥፍ አጥፋችሁ ከዛ ጠቅልላችሁ ትራስ የሚያህል አድርጉት፣ የሆስፒታሉ ትራስ ልፍስፍስ ስለሆነ አይዝም። ሰውየው ጀርባው ቀና ብሎ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጥ፣ እግሩ መሬት ይንካ ወይ ወንበር ላይ ይሁን። ጋቢውን ስፌቱ ላይ ያድርገው፣ በራሱ እጅ አቅፎ ይያዘው፣ እናንተ ከኋላ መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ጀርባውን ደግፉ። በአፍንጫ ቀስ ብሎ ይሳብ፣ ሶስት እስክትቆጥሩ ይያዝ፣ በአፉ ይልቀቅ፣ እንዲህ ሶስት አራት ጊዜ። ከዛ ወዲያው ሳል አይደለም፣ መስታወት በትንፋሽ እንደሚያደበዝዝ ሰው አፉን ከፍቶ "ሃህ!" "ሃህ!" ይበል፣ አክታው ከታች ወደ ላይ ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ ጋቢውን ጨምቆ አንድ ሁለት ጠንካራ ሳል። አባባ በጋቢው የመጀመሪያውን ሳል ሲስሉ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ነገር ወጣና ደነገጥኩ፣ የድሮ ደም ነው ተባልኩ፣ ትንሽ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያጋጥማል፣ ቀይ ትኩስ ደም ከሆነ ግን ወዲያው መነገር አለበት። ነቅቶ ባለበት ሰዓት ሁሉ በየሰዓቱ ይደረግ፣ ኳስ ያለው የመተንፈሻ እቃ ከሰጧችሁ እንደ ፊኛ መንፋት ሳይሆን ወደ ውስጥ መሳብ ነው፣ ብዙ ሰው ገልብጦ ነው የሚሰራው።

መራመድ። መጀመሪያ ከአልጋው ወደ ወንበር፣ ከዛ በሩ ድረስ፣ ከዛ ኮሪደሩ። ከጎን የሚወጣው ቱቦና ከታች ያለው ውሀ ያለበት ጠርሙስ ያስፈራል፣ እኛ ክፍል አንድ ሰውዬ ጠርሙሱን ፈርተው ሁለት ቀን ሙሉ ከአልጋ አልወረዱም። ጠርሙሱ ለመራመድ አይከለክልም፣ ሁሌ ከደረት በታች ይሁን፣ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ከፍ አታድርጉት፣ ቱቦው አይታጠፍ፣ በራሳችሁም አትቆልፉት። ሲተነፍሱ ውሀው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ደህና ነው። ሲስሉ አረፋ ካለ ከሳንባው ገና አየር እየወጣ ነው፣ ቱቦው ከሚቆይበት ምክንያት አንዱ ይሄ ነው፣ አረፋው በድንገት ከበዛ ግን ተናገሩ። ጠርሙሱ ከወደቀ አቁሙትና ነርስ ጥሩ። ቱቦው ከደረቱ ከወጣ ቀዳዳውን በጨርቅም በእጅም ጫን ብላችሁ ጩኹ። የመራመጃው ሰዓት ደግሞ ኪኒኑ ከተዋጠ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት በኋላ ይሁን፣ ሰው አሞት እያለ አንስታችሁት ሁለተኛ አልነሳም ቢል አትፍረዱበት።

አንድ ነገር እኔን በጣም አደናግሮኝ ነበር፣ ጎናቸው ደንዝዞ እያለ በቀኝ ትከሻቸው ጮሁ። "ብሎኩ አልሰራም" ብዬ አንስቴቲስቱ ላይ ልፈነዳ ነበር። ለካ የትከሻው ህመም የሚመጣው ከዲያፍራም (ከሳንባ ስር ካለው የመተንፈሻ ጡንቻ) ወደ አንገት በሚሄድ ሌላ ነርቭ ነው፣ የጎድን አጥንቱ ብሎክ አይደርስበትም፣ ብዙ የደረት ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው ላይ የሚታይ ነው። በኪኒን ይቀላል፣ በአንድ ሁለት ቀን ለቀቃቸው።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም፣ እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ፣ የሀይቅ አሳ ያገኘ አሳ፣ ውሀ በብዛት፣ ሆድ እንዳይደርቅ አትክልት። ፆም ላይ ከሆኑ የሀይማኖት አባት አናግሩ፣ አባባን ኢማማቸው ናቸው "በሽተኛ በኋላ ይከፍላል" ብለው ያሳመኗቸው፣ እኔን ቢሆን አይሰሙኝም። ሶላትም ተቀምጠው ነበር የሚሰግዱት።

ወደ ቤት ስትመለሱ፣ ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እኛ ሀይቅ ድረስ ደግሞ 30 ይጨምራል። የኮምቦልቻን አውሮፕላን ያሰባችሁ ሀኪሙ ራጅ አይቶ ሳይፈቅድ ትኬት አትቁረጡ፣ ደረት ውስጥ የቀረ አየር ካለ ከፍታ ላይ ይሰፋል። በመኪናም ጣርማበር ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነ ያው ጥያቄ ይጠየቅ። ከፊት ወንበር፣ ቀበቶውና ጎናቸው መሀል ያቺው ጋቢ፣ ኪኒኑ በእጅ ቦርሳ ውስጥ፣ በየሰዓቱ ወይ በየሁለት ሰዓቱ ወርዶ ትንሽ መራመድ፣ ለእግር ደም መርጋት ነው። እኛ ደብረ ሲና ቆሎ ስንገዛ፣ ሸዋሮቢት፣ ከሚሴ ወረድን፣ ሹፌሩ ቢያጉረመርምም ወረድን።

ቤት ውስጥ ትልቁ ችግር ጠያቂ ነው፣ እውነቴን ነው። ሰው ወዶን ነው የሚመጣው፣ ግን ቡና ይፈላል፣ ከሰሉ ይጨሳል፣ እጣኑ ይጨመራል፣ ዱዓ ይደረግ ተብሎ ቤቱ ይሞላል፣ አባባ መሀል ላይ ተቀምጠው ያንን ጭስ ይስባሉ። እኔ ረከቦቱን በረንዳ አወጣሁት፣ አክስቴ "ቡና በውጭ?" ብላ ሳምንት አኮረፈችኝ፣ ታኩርፍ። ምድጃውም ከሚተኙበት ይራቅ።

የክንዱን እንቅስቃሴ አትርሱ፣ በኦፕራሲዮኑ በኩል ያለውን እጅ ግድግዳ ላይ በጣት እየወጣጡ ከፍ ማድረግ፣ ሴት ከሆነች ፀጉሯን ራሷ ታበጥር። ጀሪካን ማንሳት ሀኪሙ እስኪፈቅድ የለም። ትኩሳት፣ የባሰ ትንፋሽ ማጠር፣ የሚሸት ወይ የበዛ ፈሳሽ ከቁስሉ፣ አንድ እግር ማበጥ፣ ደም መትፋት፣ እነዚህ ከመጡ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ቅርብ ያለው ሆስፒታል፣ ለኛ ደሴ ማለት ነው፣ በዛው ቀን። የሆስፒታሉን መውጫ ወረቀትና የፓቶሎጂውን (የወጣው ስጋ ምርመራ) ውጤት ፎቶ አንስታችሁ ስልክ ላይ አኑሩ፣ ደሴ ላይ የሚያያችሁ ሀኪም ምን እንደተቆረጠ የሚያውቀው ከዛ ነው።

ስፌቱ ከዳነ በኋላም ከጡት ስር ዞሮ የሚያቃጥል፣ ሸሚዝ ሲነካው የሚያሳክክ የሚመስል ህመም ሊቀር ይችላል። ከሁለት ወር ካለፈ "ኦፕራሲዮን ነው ምን ይደረግ" ተብሎ የሚተው አይደለም፣ የነርቭ ህመም ነው፣ በፓራሲታሞል ብዙም አይመለስም፣ እንደ አሚትሪፕቲሊንና ጋባፔንቲን ያሉ ለሱ የሚታዘዙ መድሀኒቶች አሉ። አባባ ሶስተኛው ወር ላይ ሸሚዛቸውን በሁለት ጣት ከጎናቸው አንስተው ይዘው ሲሄዱ አየሁና "የስንት ብር ነው?" አልኳቸው፣ "የሁለት ብር፣ ማታ ማታ የአምስት" አሉኝ፣ በማግስቱ ደሴ ወሰድኳቸው።